ብርቱና ደካማ አሲድ፤ በአማርኛ የሳይንስ ጽሑፎቻችን ውስጥ ስለ ተድበሰበሰ አንድ ልዩነት

ስለ አማርኛና ስለ ሳይንስ የሚደረገው ክርክር ዘወትር የሚያጠነጥነው በቃላት ቁጥር ዙሪያ ነው። አንዱ ወገን ቋንቋችን ለዘመናዊ ዕውቀት የሚሆን ቃል የለውም ሲል፣ ሌላው ወገን የተተረጎሙትን ቃላት ዝርዝር ዘርግቶ ይኸው አለው ይላል። የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናትና ምርምር ማዕከል በ1989 ዓ.ም. ያሳተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ለሁለተኛው ወገን ጥሩ መከራከሪያ ሆኖታል። የብዙ ሰዎች ልፋት የፈሰሰበት ሥራ ስለሆነ ሊመሰገን ይገባዋል። ይሁን እንጂ መዝገበ ቃላት ቃልን ከቃል ያጣምራል እንጂ በሁለት ሐሳቦች መካከል ያለውን ድንበር አያሰምርም። ድንበሩን የሚያሰምረው በዚያ ቃል የሚጽፈው ሰው ነው። እኛም እዚህ የምንመረምረው አንድ ጥንድ ቃል ብቻ ነው፤ «ብርቱ አሲድ» እና «ደካማ አሲድ» የሚባለውን። አንዳንዶች «ጠንካራ» ይሉታል፤ ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ለውጥ አያመጣም።

ይህን ጥንድ የመረጥነው ሁሉም ሰው ያወቀው ስለሚመስለው ነው። አብዛኞቻችን እስከ ስድስተኛ ክፍል በአማርኛ ተምረን፣ አሲድ የሚባለውን ነገር ያገኘነው ከሰባተኛ ክፍል በኋላ በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ቃሉን በባዕድ ቋንቋ ሸምድደን፣ ትርጉሙን ግን በልቦናችን የሞላነው በአማርኛው «ብርቱ» እና «ደካማ» ነው። ብርቱ ማለት በአማርኛ ምን እንደሆነ የታወቀ ነው፤ የሚያሸንፍ፣ የሚጎዳ፣ የሚፈራ። ደካማ ደግሞ የሚታዘንለት ነው። አንድ ደካማ ሰው መንገድ ላይ ብናገኝ እንደግፈዋለን እንጂ አንሸሸውም። ስሕተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

እጃችን የገቡትን ለተማሪ፣ ለግብርና ባለሙያና ለጠቅላላው አንባቢ የተዘጋጁ የአማርኛ ጽሑፎች ስናገላብጥ፣ ማብራሪያው ከሦስት መልኮች በአንዱ ይመጣል። አንዳንዱ ጸሐፊ ብርቱ አሲድ የሚያቃጥል፣ ደካማ አሲድ የሚበላ ነው ይላል። ሌላው ብርቱ ማለት ውሃ ያልበዛበት፣ ደካማ ማለት የቀጠነ እንደሆነ አድርጎ ይጽፋል። ሦስተኛው፣ ከሁሉም የተማረ የሚመስለው፣ ፒኤች የተባለውን መለኪያ ጠርቶ ቁጥሩ ዝቅ ካለ አሲዱ ብርቱ ነው ብሎ ይደመድማል። ሦስቱም ትክክል አይደሉም።

የመጀመሪያውን ለማፍረስ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ጨጓራችን የሚያመነጨው ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ከብርቱዎቹ አሲዶች አንዱ ነው፤ እያንዳንዳችን በሆዳችን ይዘነው እንዞራለን። በአንጻሩ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ በኬሚስቶች ሚዛን ደካማ ነው፤ ነገር ግን ብርጭቆ ይበላል፣ ቆዳ ዘልቆ አጥንት ይደርሳል፣ ሰው ይገድላል። ደካማነቱም አንዱ የጉዳቱ ምክንያት ነው፤ ሞለኪውሉ ሳይበተን ሙሉ ሆኖ ስለሚቆይ የሕዋስን ግድግዳ በቀላሉ ያልፋል። (በስምጥ ሸለቆ፣ በወንጂ አካባቢ ጭምር፣ በፍሎራይድ የበለጸገ ውሃ ሲጠጣ ኖሮ ጥርሱ የቀለመና አጥንቱ የተጎዳ ሕዝብ እንዳለ አንባቢ ያውቃል። ጉድጓዱ ውስጥ ያለው አሲድ ሳይሆን ፍሎራይድ አዮን ነው፤ ወደ ጨጓራ ሲገባ ግን ከብርቱው አሲድ ሃይድሮጂን ተቀብሎ ደካማው አሲድ ይሆናል፤ ወደ ደም የሚሻገረውም በብዛት በዚህ መልኩ ነው።) ውሃ ያልነካው አሴቲክ አሲድ፣ ማለትም የኮምጣጤው አሲድ ራሱ፣ እጅ ላይ ቢፈስ ቆዳ ይልጣል። በ1999 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በአንዲት ወጣት ላይ በአሲድ የተፈጸመው ግፍ በየጋዜጣው ከተነገረ ወዲህ «አሲድ» የሚለው ቃል በአገራችን ሰው ጆሮ የሚያሰማው ድምፅ ሌላ ሆኗል። ይህ የሚያስገርም አይደለም፤ ግን ፍርሃት ሳይንሳዊ ትርጉምን ሊተካ አይገባም።

እንግዲህ ልዩነቱ ምንድን ነው? አሲድ ውሃ ውስጥ ሲገባ ሃይድሮጂኑን ለውሃው አሳልፎ ይሰጣል። ብርቱ የሚባለው ያለውን ሁሉ የሚሰጠው ነው። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውሃ ውስጥ ገብቶ ሙሉ ሆኖ የሚቀር ሞለኪውል የለውም ለማለት ይቻላል። ደካማው ግን ጥቂቱን ሰጥቶ የቀረውን ይይዛል። በአንድ ሊትር ውሃ አንድ ዐሥረኛ ሞል አሴቲክ አሲድ ብናሟሟ፣ ከ1000 ሞለኪውል ሃይድሮጂኑን የሚለቀው 13 ያህሉ ብቻ ነው፤ 987ቱ እንዳሉ ይቀመጣሉ። የተመሳሳይ መጠን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ፒኤች 1 ሲሆን፣ የአሴቲኩ 2.9 ገደማ ነው። ብርታት ማለት ይኸው ነው፤ የመስጠት ድርሻ። ስለ መጠኑም፣ ስለ መፋጀቱም የሚናገረው ነገር የለም።

ይህን ያሳየን ስዊድናዊው ስቫንቴ አሬኒዩስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1884 ኡፕሳላ ላይ ያቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ ከፈታኞቹ እጅግ ዝቅተኛ ነጥብ አግኝቶ ለጥቂት ነው ያለፈው፤ በ1903 የኖቤል ሽልማት የተሰጠው በዚያው ሐሳብ ነው። ኦስትቫልድ በ1888 ሐሳቡን ወስዶ ወደ ስሌት ለወጠው። ከስሌቱ የሚወጣው ውጤት ሁለተኛውን ስሕተት ያፈርሳል፤ ደካማ አሲድ በቀጠነ ቁጥር የሚበተነው ድርሻ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ያንኑ የአሴቲክ አሲድ መቶ ጊዜ ብናቀጥነው ከ1000 ሞለኪውል 13 የነበረው ወደ 125 ይደርሳል። ስለዚህ «ደካማ» እና «የቀጠነ» አንድ ናቸው የሚል ጸሐፊ ነገሩን የገለበጠው መሆኑ ነው። አማርኛ ለክምችት የራሱ ቃል አላጣም፤ ማንም ባለቤት ወጥ ሲቀጥን ቀጠነ፣ ሲወፍር ወፈረ ትላለች፤ «ወጡ ደከመ» የምትል ግን የለችም። ወጥ ቤቱ የለየውን መማሪያ መጽሐፉ መቀላቀል አልነበረበትም።

ሦስተኛው ስሕተት ረቀቅ ይላል። ፒኤች የሚለካው ውሃው ውስጥ ተለቅቆ የሚገኘውን ሃይድሮጂን አዮን ብቻ ነው። ሃሳቡን ያመነጨው ሶረንሰን እ.ኤ.አ. በ1909 ኮፐንሃገን በካርልስበርግ ቢራ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ሲሠራ ነው፤ ፒኤች የጠላ ቤት ልጅ ነው ብንል አላጋነንም። አሲዱ ምን ያህል በጓዳው እንደ ያዘ ግን ይህ ቁጥር አይነግረንም። በገበያ የሚሸጠው አምስት በመቶ ኮምጣጤ ፒኤቹ 2.4 አካባቢ ነው። ፒኤቹ ልክ እንደዚያው 2.4 የሆነ የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውሃ ብናዘጋጅ፣ ሁለቱ በመለኪያው ፊት መንታ ናቸው። ነገር ግን አንድ ሊትር ኮምጣጤን ለማምከን የሚያስፈልገው ቤዝ፣ ለሌላው ከሚያስፈልገው ከ200 ጊዜ በላይ ነው። ቤዙ የተለቀቀውን ሃይድሮጂን በወሰደ ቁጥር ደካማው አሲድ ከያዘው እየቀነሰ ይተካል፤ እስኪያልቅ ድረስ። ይህን ስንል ደካማ የተባለው ብርቱ ከተባለው ይልቅ የማይበገር ሆኖ አገኘነው ማለት ነው። በአማርኛው ቃል ብቻ የሚመራ አንባቢ ግን ወደዚህ ድምዳሜ ከቶ ሊደርስ አይችልም።

በአዳምስ ሞርጋን በአንድ የወዳጆች ስብስብ ላይ ይህ ጉዳይ ተነሥቶ፣ አንድ የሥነ ልሳን ባልደረባችን «ለጋስ አሲድ» እና «ንፉግ አሲድ» ብትሏቸውስ ሲል ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ሁላችንም ሣቅን፤ ቆይተን ስናስበው ግን ቃሉ ከቀልድ በላይ ሆኖ አገኘነው። ለጋስ ያለውን በአንዴ ሰጥቶ ባዶ እጁን ይቀራል። ንፉግ ጥቂት ቆንጥሮ ይሰጣል፤ ጎተራው ግን ሙሉ ነው፣ ደጋግሞ ለሚጠይቀው ደግሞ ደጋግሞ ያወጣል። የኬሚስቱ ሐሳብ ምንም ሳይጓደል በዚህ ውስጥ አለ። ቃሉ መማሪያ መጽሐፍ ይገባል ብለን አንሟገትም፤ የተለመደን ቃል ማስለወጥ ትርፉ ግርግር ነው። መምህር ግን አንድ ጊዜ በቃል ቢጠቀምበት ተማሪው «ደካማ» የሚለውን በሌላ ዓይን ያየዋል።

ከእነዚህ ጽሑፎች ብዙዎቹ የሚዘነጉት ሌላ ቃል አለ፤ «በውሃ ውስጥ» የሚለው። ብርታት የአሲዱ ብቻ ባሕርይ አይደለም፤ የሰጪውና የተቀባዩ ስምምነት ነው። ብሮንስቴድና ሎውሪ እ.ኤ.አ. በ1923 በየፊናቸው ያስረዱት ይህንኑ ነበር። ሃይድሮክሎሪክ፣ ናይትሪክና ፐርክሎሪክ አሲዶች ውሃ ውስጥ እኩል ብርቱ ይመስላሉ፤ ውሃ ሦስቱንም ያለ ልዩነት ሙልጭ አድርጎ ስለሚቀበላቸው። በውሃ ፋንታ ንጹሕ አሴቲክ አሲድ ውስጥ ብንከታቸው ግን ልዩነታቸው ይወጣል፤ ፐርክሎሪኩ ሌሎቹን ጥሎ ይሄዳል። ሰልፈሪክ አሲድ ደግሞ ሁለት ሃይድሮጂን አለው፤ የመጀመሪያውን እንደ ለጋስ ይሰጣል፣ ሁለተኛውን እንደ ንፉግ ይይዛል። የመኪና ባትሪ ውስጥ ያለው ይህ አሲድ ስለሆነ ምሳሌው ለማንም ሾፌር ቅርብ ነው።

በዓለም ላይ ብርቱ አሲድ በተፈጥሮ ከሚገኝባቸው ስፍራዎች መካከል ስሙ ከፍ ብሎ የሚነሣው የእኛው ዳሎል ነው። የኩሬዎቹ ፒኤች በአንዳንድ ቦታ ከዜሮ በታች ይወርዳል። በመማሪያ መጽሐፍ ከዜሮ እስከ 14 ብቻ እንደሚሄድ የተማርነው ሚዛን እዚያ ላይ ይሰበራል፤ ከእሳተ ገሞራ የሚወጣው ጋዝና ውሃውን ያጠገበው ጨው ተባብረው የተለቀቀው ሃይድሮጂን ካለው ቁጥር በላይ እንዲሠራ ያደርጉታል። እ.ኤ.አ. በ2019 አንድ የተመራማሪዎች ቡድን በዳሎል ሕይወት አለ ብሎ ሲያሳትም፣ በዚያው ዓመት ሌላ ቡድን በእነዚያ እጅግ ጨዋማና አሲዳማ ኩሬዎች ውስጥ ሕይወት አላገኘንም ብሎ ጻፈ። ክርክሩን በአማርኛ የሚያስነብብ ሰው ቢኖር በወደድን፤ የአገር ኩራት ሳይሆን የአንድ መለኪያ ወሰን የሚታይበት ጉዳይ ነውና።

ደካማው አሲድ ግን ዳሎል ድረስ አያስኬድም፤ በየቤታችን ቡሀቃ ውስጥ አለ። ግዕዝ ይህን ያወቀው ይመስላል፤ ብሒእ ኮምጣጤ ሲሆን፣ ብሑእ ደግሞ እርሾ የገባበት ነው። መኮምጠጥና መቡካት ከአንድ ሥር በቅለዋል። በሳይንስ መጽሔት ስለ እንጀራ ከተጻፉት ቀደምት ጥናቶች አንዱ ስቱዋርትና ጌታቸው እ.ኤ.አ. በ1962 ያሳተሙት ሲሆን፣ ለቡኮው ዋናውን ድርሻ የሰጠው ለእርሾ ፈንገስ ነበር። ብርሃኑ ጋሼ በ1985 ባሳተመው ጥናት የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎችን ሥራ ወደ ፊት አመጣው። የኋለኛው ለእኛ ጉዳይ የሚበልጠው የእንጀራን ጠባይ የሚወስነው ጋዙ ብቻ ሳይሆን አሲዱ ስለሆነ ነው። የቦካ ሊጥ ፒኤቹ ወደ 4 እና ከዚያም ዝቅ ይላል። ፒኤች 4 ላይ ላክቲክ አሲዱ ከግማሽ በላይ፣ 58 በመቶ ያህል፣ ተበትኗል፤ አሴቲኩ ግን 85 በመቶው ሙሉ ሞለኪውል ሆኖ ተቀምጧል። የሚተንነው ያልተበተነው ብቻ ነውና፣ የቡሀቃው ክዳን ሲነሣ አፍንጫን የሚነካው ሽታ ንፉጉ የያዘው ድርሻ ነው። የሻጋታን ሕዋስ ሰርስሮ የሚገባውም እሱው ነው። የታሸገ ዳቦ ላይ ተጽፎ የምናየው ፕሮፒዮኔት፣ ወይም ሶርቤትና ቤንዞኤት፣ ሁሉም የደካማ አሲዶች ጨው ሲሆኑ ሥራቸው ይኸው ነው፤ በኮምጣጣ ምግብ ውስጥ ካልሆነ ብዙም አይረዱም።

በዚህ ረገድ የአዳምስ ሞርጋን ታሪክ፣ ሳይታሰብ፣ እንደ ቤተ ሙከራ ሆኖ አገልግሏል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከእኛ ቀድመው የመጡት ወገኖቻችን በ18ኛው መንገድና በኮሎምቢያ ሮድ ዙሪያ ምግብ ቤቶችን ሲከፍቱ ጤፍ እንደ ልብ አይገኝም ነበር። ዌይን ካርልሰን በአይዳሆ ጤፍ ማብቀል የጀመረው በዚያው ዐሥርት ውስጥ ነው። ስለዚህ ብዙዋ እናት በመደብር የሚሸጠውን፣ ከዱቄቱ ጋር ማንሻ የተቀላቀለበትን የስንዴ ዱቄት ከገብስ ወይም ከበቆሎ ዱቄት ጋር ለውሳ፣ አንዳንዴም ጋዝ ያለው ውሃ ጨምራ ትጋግር ነበር። በዚያ ዱቄት ውስጥ ያለው ባይካርቦኔትና የፎስፌት አሲድ ጨው ውሃ ሲነካቸው ጋዝ ያወጣሉ፤ እንጀራው ዓይን ያወጣል። ነገር ግን አሲዱና ባይካርቦኔቱ እርስ በርሳቸው ተመካክነው ያልቃሉ፤ ሊጡ አይኮመጥጥም። ዓይን ያለው፣ መልኩ ደህና የሆነ፣ ግን ወጡን የማይቀበል እንጀራ ይወጣል፤ ቶሎም ይሻግታል። በብዙ ቤት ይህን የሚያካክሱት ሊጡን በእርሾ አሳድረው፣ ዱቄቱን በመጨረሻ ላይ በመጨመር ነበር። ኬሚስት ሳይነግራቸው ጋዝን ከአሲድ ለይተዋል ማለት ነው። በኋላ የቤት ኪራዩ ሲንር ምግብ ቤቶቹ ወደ ዩ ስትሪትና ወደ 9ኛው መንገድ፣ ከዚያም ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድሪያ ሲሻገሩ፣ የጤፍ አቅርቦቱም በአሜሪካው ምርት እየተደገፈ ተሻሻለ። ኢትዮጵያ የጤፍ እህል ወደ ውጭ እንዳይላክ ከእ.ኤ.አ. 2006 ጀምሮ ከልክላ እንደ ነበር ይታወሳል።

እንጀራ ተሳሳተ ቢባል ጉዳቱ የአንድ ገበታ ነው። የእርሻ መሬት ላይ ሲደርስ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያስገደደንም እሱ ነው።

ከኢትዮጵያ የታረሰ መሬት 40 በመቶ ገደማ የሚሆነው አሲዳማነት እንደ ተጫነው በባለሙያዎች ዘንድ የታወቀ ነው። ዝናብ የሚበዛበት ደጋ፣ በአዊና በምዕራብ ጎጃም፣ በወለጋ፣ በጅማ፣ በጨንቻ፣ በዘመናት ውስጥ ካልሲየሙና ማግኒዚየሙ ታጥቦ ወርዶ በቦታው ሃይድሮጂንና አሉሚኒየም ቀርተዋል። የአሞኒየም ዘር ማዳበሪያም በበኩሉ ይጨምርበታል። ፒኤቹ ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየሙ ይሟሟና ሥርን ያቀጭጫል፤ ፎስፎረሱም ታስሮ ለተክሉ አይደርስም፤ ገበሬው ገንዘቡን ከፍሎ የዘራው ማዳበሪያ መሬት ውስጥ እስረኛ ሆኖ ይቀራል። በባንጃና በፋግታ ለኮማ ገብስና ባቄላ ይበቅልበት የነበረው ማሳ ብዙው ለዲከረንስ ዛፍና ለከሰል የተለቀቀው ለገበያ ሲባል ብቻ አይደለም፤ መሬቱ እህል ስለ ነሳም ጭምር ነው።

ለዚህ መድኃኒቱ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው፤ የአባይ ሸለቆ ግድግዳ በዚህ ድንጋይ የተሞላ ስለሆነ ጥሬ ዕቃው አላነሰንም። ጥያቄው ስንት ያስፈልጋል የሚል ነው። እዚህ ላይ አንባቢ አብሮን ያስላ። አንድ ሄክታር መሬት፣ እስከ 20 ሳንቲሜትር ጥልቀት፣ 2000 ሜትር ኩብ አፈር ነው። ሩቡ ውሃ ነው ብንል 500,000 ሊትር ይሆናል። ፒኤቹ 5 ከሆነ በእያንዳንዱ ሊትር ውስጥ የተለቀቀው ሃይድሮጂን የአንድ ሞል መቶ ሺህኛ ነው። በጠቅላላው 5 ሞል። ይህን ለማምከን የሚበቃው የኖራ ድንጋይ 250 ግራም ነው፤ ሩብ ኪሎ፣ በሁለት መዳፍ የሚታፈስ። ፒኤችን ብቻ አይቶ፣ «ከሎሚ እንኳ በጣም ያነሰ ደካማ አሲድ ነው» ብሎ የሚያስብ ሰው በሎጂኩ የሚደርሰው እዚህ ነው።

አሁን ደግሞ አፈሩ የያዘውን እንቁጠር። በኮምጣጣ ደጋ አፈር ውስጥ በሸክላውና በብስባሹ ላይ ተጣብቆ የሚገኘው ሊለወጥ የሚችል አሲድ በአንድ ኪሎ አፈር 2 መቶኛ ሞል ቢሆን (ይህ የተጋነነ አኃዝ አይደለም)፣ ሁለት ሚሊዮን ኪሎ በሚመዝነው በዚያ አፈር ውስጥ 40,000 ሞል አለ። ማምከኛው 2 ቶን ኖራ ነው። ሃያ ኩንታል፤ በአህያ ቢጫን አርባ ጭነት፤ ለአንድ ጥማድ እንኳ አምስት ኩንታል። በሩብ ኪሎና በሁለት ቶን መካከል ያለው ልዩነት ስምንት ሺህ እጥፍ ነው። በተግባርም የሚመከረው መጠን የሚቆጠረው በቶን መሆኑን እያንዳንዱ የአፈር ባለሙያ ያውቃል፤ የማያውቀው የአማርኛውን በራሪ ጽሑፍ የሚያነበው ነው።

ምክንያቱ ኮምጣጤው ላይ ያየነው ነው። የአፈሩ አሲዶች ንፉጎች ናቸው። ብስባሹ ደካማ አሲድ ነው። አሉሚኒየሙም፣ ብረት ነው ብለን ስንተወው፣ በዙሪያው የያዘውን ውሃ እየገፋ ሃይድሮጂን የሚያስለቅቅ ደካማ አሲድ ነው፤ ብርታቱም ከአሴቲክ አሲድ ብዙ የራቀ አይደለም። የአዋሽ መልካሳ ፋብሪካ የሚያመርተው አሉሚኒየም ሰልፌት በመጠጥ ውሃ ማጣሪያ ውስጥ ሲጨመር የውሃውን ፒኤች ዝቅ የሚያደርገው በዚሁ ባሕርዩ ነው። ውሃ ማጣሪያ ውስጥ ተቆጣጥረን የምንጠቀምበት ነገር ማሳ ላይ ሳንጠራው መጥቶ ተቀምጧል። ኖራ የተለቀቀውን ባመከነ ቁጥር አፈሩ ከጓዳው ያወጣል። ስለዚህ ጥቂት ኖራ በትኖ በማግሥቱ ፒኤቹን የለካ ገበሬ ወይም የልማት ሠራተኛ ምንም አልተለወጠም ብሎ ተስፋ ቢቆርጥ አይፈረድበትም፤ ኖራው ሠርቷል፣ ጓዳው ግን ገና አልተነካም።

እዚህ ላይ የቃል ጣጣ ሌላ ዙር ይጨምራል። የአፈር ሳይንቲስቶች በእንግሊዝኛው አመዳደባቸው ፒኤቹ ከ5.1 እስከ 5.5 ያለውን አፈር «ስትሮንግሊ አሲድ» ይሉታል። ይህ ስትሮንግ ከኬሚስቱ ስትሮንግ ጋር የሚገናኘው በፊደል ብቻ ነው፤ የአፈሩ ሰዎች የሚናገሩት ስለ ደረጃ እንጂ ስለ መበተን አይደለም። ተርጓሚው ሁለቱንም «ብርቱ» ብሎ ሲያስቀምጥ፣ በደካማ አሲዶች የተሞላው አፈር «ብርቱ አሲድ ያለበት አፈር» ሆኖ ይወጣል፤ አንባቢውም ዳሎልን እንጂ ቡሀቃውን አያስብም። ለዚህኛው «ከፍተኛ አሲዳማነት» የሚለው ይበቃው ነበር። አንዳንድ ጽሑፎች በእርግጥ እንዲህ ይሉታል፤ ሊደነቁም ይገባል። ቀጥለው በሚመጡት ገጾች ላይ ግን ያንኑ አፈር «ብርቱ» ብለው ሲጠሩት እናገኛለን።

እኛ የጎደለ ነው የምንለው ቃል ሌላ ነው፤ አፈሩ በጓዳው የያዘውን አሲድ የሚጠራ። «የተጠባባቂ አሲድነት» የሚለው ትርጉም ከወታደር ቤት የመጣ ይመስላል፤ የሚነግረንም ነገር የለም። «የተቋጠረ አሲድ» ብንለው ግን ገበሬው ሳይተረጎምለት ይገባዋል፤ ቋጥሮ የያዘ ነገር ፈታ ፈታ እያለ እንደሚወጣ ያውቃልና። ከዚያ በኋላ «ውሃ ውስጥ ያለው አሲድ» እና «የተቋጠረው አሲድ» ተብሎ በሁለት መስመር ቢጻፍለት፣ አርባ ጭነት ለምን እንደ ተጠየቀ ይረዳል፤ ክርክሩም በመጓጓዣው ዋጋ ላይ ይሆናል፣ ትክክለኛው የክርክር ቦታም እሱ ነው።

አንድ የቀረ ነገር አለ። «ኖራ» የሚለው ቃልም ራሱ ከዚህ የተለየ ዕጣ አልገጠመውም። በአማርኛ የተፈጨው ድንጋይም፣ በምድጃ ተቃጥሎ የወጣውም፣ ግድግዳ የሚቀባውም ሁሉ ኖራ ነው። የተቃጠለው ግን በሚዛን ቢተካከል ካልተቃጠለው 1.8 እጥፍ ያህል ያመክናል፤ እጅንም ይፋጃል። «20 ኩንታል ኖራ» ብሎ የሚያዝ ጽሑፍ የትኛውን እንደሆነ ካልተናገረ ስሌቱን ወደ እጥፍ በሚጠጋ ስሕተት ያዛባዋል። ስለ እሱ ግን በሚቀጥለው እትም ለብቻው እንመለስበታለን።